በሰማያዊ ሸራ ስር የተለቀሙ ሬዚስተሮች

ታኅሣሥ 2፣ ጠዋት 2፡30

ሱቅ ተከፍቷል። ሸራ ተዘርግቷል። ሙቀቱ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ተቀምጧል። እስካሁን ሁለት ሰው ባትሪ ገዛ። አንዲት ሴት ባለፈው ሳምንት የወሰደችውን ሬዲዮ ዜና ያበዛል ብላ ልትመልስ መጣች። ጣቢያ ቀየርኩላት፣ መርቃኝ ሄደች። እንዲህ ያለ ቀን ይብዛልኝ።

አጀንዳዬ፣ ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው። ጋሽ እሸቴ መጡ። የቦያችን የውሃ አባት ናቸው። የመስኖ ተራ ዕጣ የሚያወጡት፣ የውሃ በር የሚያስከፍቱና የሚያስዘጉት እሳቸው። እኔም ከእናቴ የቀረች ትንሽ የሽንኩርት መሬት እዚያው ቦይ ላይ አለችኝ፤ ስለዚህ የሱቅ ባለቤት ብሆንም በእሳቸው ዘንግ ስር ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማታ ተራ የደረሰው ሰው በጨለማ በር ይከፍታል። አምና ፋጤን በቦዩ ጭራ ባለው በር ላይ እባብ ነደፋት። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ማሳዋን ራሷ ነው የምታጠጣው። ተረፈች፣ እግሯ ግን እስካሁን ያነክሳል። ዘንድሮ በየበሩ መብራት ይደረግ ተባለ። ሶላሩና ትልቁ ባትሪ ተገዝቷል። የቀረው ሃያ አራት ትንንሽ መብራት። ድንቁ የሚባለው የመስኖ ኮሚቴው ምክትል የተሠራ ከአዲስ አበባ ይምጣ አለ። ጋሽ እሸቴ ግን የእኔን ስም ጠርተው፣ አስካለ ትሠራለች፣ እኔ ዋሷ ነኝ አሉ።

ዋስ ማለት በእኛ ቦይ ቀልድ አይደለም። ሥራው ከተበላሸ ዋሱ በቦዩ ስብሰባ ማግስት በሰው ሁሉ ፊት የቦዩን ደለል ይጠርጋል። ደለል ጠርጎ ዘንጉን ይዞ የቀረ የውሃ አባት ደግሞ እስካሁን የለም። ድንቁ ይህን ያውቃል። ስብሰባው ታኅሣሥ 20 ነው።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው በእኔ እጅ ራሳቸውን አስያዙ። ተመስገን፣ የሚያምነኝ ሰው አለኝ።


ታኅሣሥ 3፣ ከምሳ በኋላ

ሒሳቡ ይኸው። ብረሳው አንቺ አስታውሺኝ።

በአንድ መብራት ሦስት ነጭ ኤልኢዲ የሚሏት ትንሽ አምፖል፣ አንዷ ከሌላዋ ተቀጥላ። እያንዳንዷ 3 ቮልት ትወስዳለች፤ በድምሩ 9። ባትሪው ባለ 12 ይባላል እንጂ ፀሐይ ሲሞላው 14 ይደርሳል። በሱቄ ባትሪ ለክቼ አይቻለሁ። ስለዚህ የምነሳው ከ14 ነው። ነጋዴ ሒሳቡን የሚሠራው በከፋው ቀን ነው።

ከ14 ላይ 9 ሲቀነስ 5 ቮልት ትርፍ። የሚይዘው ካጣ ኤልኢዲዎቹን ያቃጥላል። የሚይዘው ሬዚስተር ነው፤ የስንዴ ፍሬ የምታክል፣ ሆዷ ላይ ባለቀለም ቀለበት ያላት። ሥራዋ ልክ እንደ ቦይ በር፦ ጠበብ ብሎ የሚበቃውን ብቻ ማሳለፍ። ኤልኢዲ ከ20 ሚሊ አምፔር በላይ አትችልም። 5 ለ0.02 ሲካፈል 250 ኦም፤ ኦም የሬዚስተሯ የመጥበብ ልክ ነው። 250 ገበያ ላይ አላገኘሁም። ወደ ላይ ያለው ቅርብ ቁጥር 270። ወደ ታች መውረድ የለም፤ የወረደ ሰው ለሳምንት ይደምቃል፣ ከዚያ ጨለማ።

270 ማለት በቀለበት ቀለም ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ቡኒ። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ስልኬ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሰው በማይገዛበት ሙቀት። ሙቀቱንም አመሰግናለሁ ማለት ነው።

መርካቶ ደውዬ አዘዝኩ። 270 ለመብራቶቹ፤ 27 እና 2700 ደግሞ ለጠጋኞች የምሸጠው።

ከፊት ለፊቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሁሴን ዛሬም አስፋልቱ መሐል ቆመው ነበር። ክርና ጨርቅ ይዘው፣ ፀሐይ ላይ አንጋጠው። ባጃጅ ይጮህባቸዋል፣ አይሰሙም። ባጃጅ ሳይገጭዎ አይቀርም አልኳቸው። አንቺን የሚገጭሽ ያድርገው፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ አሉኝ። ስንት ዓመት ሳቅሁባቸው።


ታኅሣሥ 5፣ 5 ሰዓት

ዕቃው ደረሰ። አደራረሱ ግን!

አውቶቡሱ አናት ላይ ጭነውት ነው። ደብረ ሲና ላይ ጉሙ አርሶታል። ሬዚስተሮቹ የታሸጉት በወረቀት ፖስታ ነበር። ረጥቦ፣ ቁልቁለቱ ሲያንገጫግጨው ሦስቱም ፖስታ ተቀዶ አንድ ካርቶን ውስጥ ተቀላቅሏል። ሦስት ዓይነት፣ ባንድ መልክ። ልዩነታቸው ሦስተኛው ቀለበት ብቻ፦ 27ቱ ጥቁር፣ 270ው ቡኒ፣ 2700ው ቀይ።

በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ አንድ በአንድ መለካት ነበረብኝ። ቴስተሬን ግን ጀውሃ ላለ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ አውሼው ገና አልመለሰም። ደወልኩ። ከነገ ወዲያ አለ። የእሱን ከነገ ወዲያ አውቀዋለሁ።

አልጠበቅሁም። እኔ አሥራ አራት ዓመት ማሾ የነገድኩ ሰው ነኝ። የእኛን የሮቢትን ማሾ ከጀውሃ ማሾ፣ የዘንድሮውን ካምናው በዓይኔ የምለይ። ገዢዎች ናሙና ይዘው እኔ ዘንድ ነበር የሚመጡት። ሦስት ቀለም ያቅተኛል?

ጠረጴዛውን ሸራው ስር አወጣሁ። ውስጥ ጨለማና ሙቀት፣ ውጭ ጥላና ነፋስ። ሦስት ሳህን። እንደ ማሾ ለቀምኩ። ጠቆር የሚለው ወዲህ፣ መካከለኛው ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ። በሁለት ሰዓት ጨረስኩ። ወገቤ ታመመ፣ ልቤ ግን ደስ አለው።


ታኅሣሥ 8፣ ጠዋት

በሊድ መበየዱ ሦስት ቀን ፈጀ። ሃያ አራቱም አለቁ፤ እያንዳንዱ በማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ። አፉ በሰም ተደፍኗል፣ ውሃ አይገባውም። ቆንጆ ናቸው። ራሴን ላመስግን።

በሱቁ አሮጌ ባትሪ አንድ በአንድ ነካ አድርጌ ሞከርኩ። ሁሉም በሩ። እኩል ግን አይደሉም። ስምንቱ ዓይን ይወጋሉ። አሥራ አንዱ ደህና። አምስቱ ፈዘዝ ያሉ። ኤልኢዲም እንደ ልጅ ነው፣ ባንድ ማሕፀን አይመሳሰልም አልኩ። ልቤ ቆም በዪ አለኝ፤ አልቆምኩም።

እንዲያውም ተጠቀምኩበት። በስምንቱ ደማቆች ክዳን ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ለላይኞቹ በሮች ይሁኑ። የላይኛው ቦይ ካስፋልቱ ይታያል፤ የሚያልፍ የሚያገድም ይህን ማን ሠራው ይላል። ለጋሽ እሸቴ በር ከሁሉ የደመቀውን መረጥኩ። ፈዛዞቹ ወደ ጭራው። እዚያ ማን ያያል።


ታኅሣሥ 11፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ትናንት ተሰቀሉ። ጀንበር ስትጠልቅ ጋሽ እሸቴ ማብሪያውን ራሳቸው ተጫኑት። ቦዩ ዳር ዳሩን በራ። እልል ተባለ። ፋጤ እያነከሰች ከጭራ ድረስ መጥታ ሁለት እጄን ሳመችኝ። ድንቁ እንኳ ማጨብጨቡ አልቀረም። ጋሽ እሸቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው መብራቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ደስታቸው አገጫቸው ላይ ነበር፤ ይንቀጠቀጣል።

ጠግቤ ነው የተኛሁት፣ ምግብ ሳልበላ። ተመስገን፣ ተመስገን።


ታኅሣሥ 12፣ 1፡15

ስድስት ጠፍተዋል። ከላይኞቹ። የጋሽ እሸቴም።

ማለዳ ሄጄ አየሁ። ሽቦው ደህና። ባትሪው ደህና። ሰሙ አልተነቀለም። ብልቃጦቹ ውስጥ ኤልኢዲዎቹ መሐላቸው ጠቁሯል።


ታኅሣሥ 13

ስምንት ሆኑ። ስምንቱም ቀይ ክር ያለባቸው።

ድንቁ ሱቅ ድረስ መጣ። ባትሪ ለመግዛት ነው ብሎ፤ ባትሪ አልገዛም። እንዲህ አለኝ፦ "እትዬ አስካለ፣ መብራቱ ለሠርግ ነበር እንዴ? አንድ ቀን ደምቆ የሚያልቀው?" ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ነጋዴ ሲሰደብ ይስቃል፣ ከዚያ ያስባል። ሲወጣ ግን ፊቱን መለስ አድርጎ፣ ለጋሽ እሸቴ አካፋ እንፈልግላቸው መሰለኝ አለ። ያኔ ሳቄ ቆመ።

ሒሳቡን አራት ጊዜ ሠራሁት። 14፣ 9፣ 5፣ 270። ትክክል ነው። ትክክል ከሆነ ለምን ይቃጠላል?

አንድ መውጫ አለ። ዕቃው ነው ማለት። መርካቶ ርካሽ ኤልኢዲ ሸጠብኝ ማለት። ሮቢት ውስጥ ይህን የማያምን የለም። ጋሽ እሸቴም ይድናሉ፣ እኔም። ዛሬ ይህን ነገር ሦስት ጊዜ በልቤ ለኮሚቴው ተናገርኩት፤ በሦስተኛው አማረልኝ። መፍራት ያለብኝ ይህን ይመስለኛል።


ታኅሣሥ 15፣ 8 ሰዓት

ጋሽ ሁሴን አሳዩኝ። አላህ ያክብራቸው፣ በእሳቸው ቋንቋ ልመርቃቸው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አንድ የተቃጠለ መብራት ፈትቼ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሸራው ስር፣ ቀለበቱን አያለሁ። ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ቡኒ። ቡኒ ነው እላለሁ። ጋሽ ሁሴን ለቡኒ ሱሪ መጣፊያ ክር ሊመርጡ ወደ አስፋልቱ ሲወጡ በእኔ በኩል አለፉ። ምን አፍጥጠሽ ቀረሽ አሉኝ። ቀለም ነው አልኳቸው። ትክ ብለው ሸራዬን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ወላሂ አንቺ ሴት! በዚህ ሰማያዊ ስር ቀለም ትመርጫለሽ? ሸራ ስር እኮ ቡኒና ጥቁር አንድ እናት ነው የወለዳቸው። እኔ ክር ፀሐይ ላይ እየመረጥኩ ባጃጅ የሚጮህብኝ ለመዝናናት መሰለሽ?"

ክንዴን ይዘው አስፋልቱ መሐል ጎተቱኝ። ፀሐይ ላይ ሬዚስተሯን አየኋት።

ጥቁር። ቡኒ አይደለም፤ ጥርት ያለ ጥቁር። 27 ኦም። ከሚያስፈልገው አንድ አሥረኛ። በሩን ክፍት ትቼ ጎርፉን ነው የለቀቅኩባቸው።

ሳህኖቹን አመጣሁ። ሦስቱም ሳህን ውስጥ ሦስቱም ዓይነት አሉ። ቀዩም፣ ቡኒውም፣ ጥቁሩም እዚያ ሸራ ስር ጠቆር ያለ ነገር ብቻ ነበሩ። የለየሁ የመሰለኝ እኔ ነኝ። ፈዛዞቹ አምስት ደግሞ 2700 የገባባቸው ናቸው፤ ከመጠን በላይ የጠበበ በር። ልጅ ከልጅ አይመሳሰልም ያልኩት ይኸው ነው።

ባጃጅ ጮኸብን። ጋሽ ሁሴን ዘወር ብለው፣ ትምህርት ላይ ነን፣ ዙረህ እለፍ! አሉት። ዞሮ አለፈ።

ስንት ዓመት ሳቅሁባቸው። ዛሬ ስሜን ያዳኑልኝ አስፋልት ላይ ቆመው ነው። ይቅር በሉኝ አልኳቸው። ለሳቅሽ ነው ለሥራሽ? አሉ። ለሁለቱም አልኩ። የሳቅሽን ይቅር ብያለሁ፣ የሥራሽን ለእሸቴ ንገሪ አሉኝ።


ታኅሣሥ 16፣ ጠዋት

ከጀውሃ ቴስተሬ ዛሬ መጣ። ያ ሰው ከነገ ወዲያ ሲል አሥራ አንድ ቀን ማለቱ ነው። ቢሆንም አመሰገንኩት፤ ባይዘገይብኝ ኖሮ ዓይኔ እንደሚዋሽ እስክሞት አላውቅም ነበር።

ለቀማ እንደገና። በግልጽ ፀሐይ፣ የሱቁ ደጃፍ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ በባርኔጣ። ዓይን አንድ ጊዜ፣ ቴስተር ሁለት ጊዜ። 268፣ 271፣ 269። ደግ ቁጥሮች። ጋሽ ሁሴን በየሰዓቱ እየመጡ ማሻ አላህ ይላሉ፣ ምን እንደሆነ ባያውቁትም። ትከሻዬ ተላጠ። ይገባዋል።


ታኅሣሥ 17፣ 4 ሰዓት

ወደ ቦዩ ወረድኩ። ከጭራ ጀመርኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ፋጤ ከነቡናማ በጓ መሬቷ ላይ ነበረች። መብራትሽን ልቀይርልሽ አልኳት። ፈዛዛው እሷ ጋ ነው ያለው። እምቢ አለች። አቅፋ ያዘችው፦ "ትንሽ ናት፣ ግን አልከዳችኝም። የላዮቹ ጠፍተው እንኳ የእኔዋ በርታ ነው ያደረችው። እግሬን የት እንደማሳርፍ አያለሁ። እግዜር ይስጥሽ እትዬ፣ ለእኔ ለይተሽ ሰጠሽኝ።"

ለይቼ ሰጠኋት! አዎ፣ ለይቼ ነበር። ካስፋልት ስለማትታይ ነበር። አጀንዳዬ፣ ይህን ለአንቺ ብቻ ጻፍኩት፤ እሷን ግን በምርቃቷ ላይ አላበላሸሁባትም። አዲሱን አብርቼ ሳሳያት ዓይኗ በራ። አሮጌዋንም ልተውልሽ? አልኳት። ለበጌ ይሁን አለች።

ከዚያ ጋሽ እሸቴ ዘንድ። ከግራር ስር ተቀምጠው ነበር። ተቀመጪ አሉኝ፣ ቆሜ ነገርኳቸው። ሒሳቡ ልክ እንደነበረ፣ ዓይኔ እንደሳተ፣ ቴስተር ሳልጠብቅ በጥጋብ እንደለቀምኩ፣ ደማቁን ለታይታ ላይ እንዳደረግሁ። የመርካቶውንም ውሸት ነገርኳቸው፤ አዘጋጅቼው እንደነበረ። ሁሉን።

ዘንጋቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ አሁንስ ይበራል? ይበራል ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ ነው የለቀምኩት አልኳቸው። እህ አሉ። ሌላ ምንም። ተቆጡ? አዘኑ? ከእህ ምን ይወጣል። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።


ታኅሣሥ 18፣ አመሻሽ

ሃያ አራቱም ተቀየሩ። እኩል ናቸው። ደማቅ የለም፣ ፈዛዛ የለም። ካስፋልቱ ቆሜ አየኋቸው፤ እንደ በፊቱ ዓይን አይጠሩም። የቱ በር የማን እንደሆነ አይለይም። ደስ የሚል ነገር ነው፤ አላውቀውም ነበር።


ታኅሣሥ 19፣ 6 ሰዓት

ትናንት በርተው አደሩ። አንድም አልጠፋም። ተመስገን።

ድንቁ በሱቄ በኩል አለፈ። አስተካከልሽው አሉ፣ ነገር ግን ስብሰባው የሚያየው የመጀመሪያውን ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ደንቡ እንዲያ ነው፤ የተበላሸ ተበላሽቷል፣ ቢጠገንም ደለሉ ይጠረጋል። የሚጠርገው ዋሱ ነው፣ ጥፋተኛው ራሱ ቀድሞ ተነስቶ የእኔ ነው ካላለ በቀር። ማንም ብሎት አያውቅም። ማን ይላል? ያለ ሰው በዚያ ቀን የቦዩ መሳቂያ ነው። ለነጋዴ ደግሞ ከሱ በላይ ምን ኪሳራ አለ።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይህን አሰላሁ። እንደ ሬዚስተሩ፣ በከፋው ቀን። የከፋው ቀን፦ ይስቁብኛል፣ መብራት ከአዲስ አበባ ይገዛሉ፣ ድንቁ ለዓመት የሚያወራው ያገኛል። ሌላው የከፋ ቀን፦ ጋሽ እሸቴ በስተርጅናቸው ጭቃ ውስጥ፣ እኔ ሸራዬ ስር ተቀምጬ። አነጻጸርኩ። ሁለተኛውን የሚሸከም ሬዚስተር የለኝም።


ታኅሣሥ 20፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሱቁን ዛሬ ጋሽ ሁሴን ይጠብቁልኛል። ሸራዬንም ትናንት አወረድኩት፤ ነጭ ሸራ እስካገኝ ፀሐይ ይግባ። ጋሽ ሁሴን ይህን ሲያዩ ሳቁ፦ አሁን ደግሞ ደንበኛ በሙቀት ልትጨርሺ ነው አሉ።

ወስኛለሁ። ጋሽ እሸቴ ስማቸው ሳይጠራ፣ ድንቁ አፉን ሳይከፍት ቀድሜ እነሳለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዋሴን ልቀቁ እላለሁ። ማብራሪያ አላበዛም። ሸራ፣ ቡኒ፣ ጥቁር፤ ይበቃል። ፋጤን አልጠራም፣ መርካቶን አልጠራም። ደለሉንም እስከ ነገ አላሳድረውም፤ ስብሰባው እንደተበተነ ከጭራው በር እጀምራለሁ።

የፕላስቲክ ቦቲዬን ተጫምቻለሁ። አካፋ ከጎረቤት ተውሻለሁ፣ በር ላይ ተደግፏል። ቦቲና አካፋ ይዞ ስብሰባ የገባ ነጋዴ ሮቢት አይታ አታውቅም። ዛሬ ትየው።

አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ። ግን ልቤ ቀሎኛል። ለልብስ ሰፊው ተመስገን። ዘግይቶ ለደረሰው ቴስተር ተመስገን። ለፋጤ ትንሿ መብራት ተመስገን፤ ከእኔ ይልቅ እሷ አመነች።

ሰው አንኳኳ። ቆዪ።

ጋሽ እሸቴ ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመዋል፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው። ዘንጉ የለም። በትከሻቸው ላይ አካፋ። አካፋዬን አዩ፣ ቦቲዬን አዩ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ቀድመውኝ፣ ተይ አስካለ፣ ደለሉ ለሁለት ይበቃል አሉ። አይሆንም ጋሼ፣ እኔው ነኝ የምናገረው፣ አካፋውን እዚሁ ያስቀምጡ አልኳቸው። እህ አሉ። አላስቀመጡም። ዛሬስ ከእህ ምን እንደሚወጣ ገባኝ፤ ሁለት አካፋ ይዘን አብረን ነው የምንሄደው።